«ድምፁ ጠፋ»፦ በኮምፒዩተር ድምፅ ጥገና ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ስለ ሙያዊ ቃላት አሰያየም ሲነገር ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በቃሉ ምንጭ ላይ ነው። ቃሉ ከግዕዝ ይወሰድ፣ ከሕዝቡ አነጋገር ይመረጥ፣ ወይስ ባዕዱ ቃል እንዳለ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላት ወደ አማርኛ መመለስ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ አብሮን የኖረ ነው፤ ዛሬም አልተቋጨም። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሌላ በኩል እንይዘዋለን። ይኸውም ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ የተቸገረ ሰው ቃሉን ተከትሎ ከችግሩ ሊወጣ ይችላልን? የሚል ነው። ለመመዘኛ የመረጥነው መስክ ጠባብ ነው፤ ሥርዓተ ክወናው እንደገና ከተጫነ በኋላ ድምፁ የጠፋ ላፕቶፕ እንዴት እንደሚጠገን ለመናገር ዛሬ በአማርኛ የምንገለገልባቸውን ቃላት ብቻ እንመለከታለን።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እናቁም። በላይ ጋይንት፣ በነፋስ መውጫ ከተማ፣ አንዲት የቋንቋ መምህርት አሉ እንበል። ለተማሪዎቻቸው የማዳመጥ ልምምድ የሚሰጡት በላፕቶፓቸው ከያዙት የድምፅ ቅጂ ነው። ላፕቶፑ ስለ ተንቀራፈፈባቸው ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስደው «ዊንዶው ይጫንልኝ» አሉ። በማግስቱ ክፍል ገብተው ቢከፍቱት ምስሉ ይታያል፤ ድምፁ ግን የለም። ከነፋስ መውጫ እስከ ደብረ ታቦር ተመላልሶ ማሠራት የአንድ ቀን ሥራና የመንገድ ወጪ ነው። ስለዚህ በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በዚሁ ሙያ ለሚተዳደር ታናሽ ወንድማቸው ደወሉ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ድምፁ ተዘግቶ እንደ ሆነ እዪ።»

«የቱ ድምፅ? ሦስት ቦታ ላይ ድምፅ ይላል።»

«ድምፅ ማጉያው ጋ ያለውን።»

«ድምፅ ማጉያማ የለኝም፤ የትምህርት ቤቱ ሞንታርቦ ነው ያለው።»

ይህ ንግግር የሚያስቅ ቢመስልም ጉዳቱ የእውነት ነው። ወንድምየው ሙያውን ያውቃል፤ መምህርቷም ቋንቋውን ያውቃሉ። በመካከላቸው የጠፋው አንድን ነገር ከሌላው ለይቶ የሚጠራ ቃል ነው።

2. ነገሩ ምንድን ነው?

ያልተረዱትን ነገር መሰየም ስለማይቻል፣ ቃላቱን ከመንቀፋችን በፊት ነገሩን ራሱን በአጭሩ እንግለጸው። ላፕቶፕ ድምፅ የሚያወጣው ለዚሁ ሥራ በተመደበ አንድ ክፍል አማካይነት ነው። ሥርዓተ ክወናው ይህን ክፍል በቀጥታ ማዘዝ አይችልም፤ የክፍሉን ጠባይ የሚያውቅ፣ ትእዛዙንም ክፍሉ በሚገባው አኳኋን የሚያደርስ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ይህ ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ዲስኩ ጸድቶ ሥርዓተ ክወናው እንደገና ሲጫን ቀድሞ የነበረው ድራይቨር አብሮ ይጠፋል። አዲሱ ሥርዓተ ክወና ለብዙ መሣሪያዎች የሚያገለግሉ ጠቅላላ ድራይቨሮችን ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ያለ ችግር ድምፅ ያወጣሉ። አንዳንዶቹ ግን፣ በተለይም የቅርብ ጊዜ ሥሪቶች፣ አምራቹ ለዚያ ሞዴል ያዘጋጀውን ድራይቨር ካላገኙ አፋቸውን አይከፍቱም።

ድምፅ ሲጠፋ በቅደም ተከተል የሚታዩት ነገሮች አምስት ናቸው። አንደኛ፣ ድምፁ ዝም እንዲል ታዝዞ ወይም መጠኑ እስከ ታች ወርዶ እንደ ሆነ ይታያል። ሁለተኛ፣ ድምፁ በየት በኩል እንዲወጣ እንደ ተመረጠ ይታያል፤ በቴሌቪዥን ገመድ ወይም በጆሮ ማዳመጫ በኩል እንዲወጣ ተመርጦ ከሆነ ላፕቶፑ ራሱ ዝም ይላል። ሦስተኛ፣ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ተከፍቶ ከድምፁ ክፍል አጠገብ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዳለ ይመረመራል፤ ምልክቱ ካለ ድራይቨሩ ጐድሏል ወይም ተበላሽቷል ማለት ነው። አራተኛ፣ በላፕቶፑ ሥር የተጻፈው የሞዴል ስምና ቍጥር ተነብቦ ትክክለኛው ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ ወርዶ ይጫናል። አምስተኛ፣ ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሣል፤ ከሥርዓተ ክወናው ውስጥ ድምፅን የሚያስተናግደው አገልግሎት መጀመሩም ይረጋገጣል። እንደ ኡቡንቱ ባሉት ሥርዓቶች አብዛኛዎቹ ድራይቨሮች በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ስላሉ ምርመራው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያተኩረው በድምፅ ማመጣጠኛው ላይ ነው፤ እዚያ አንዱ መስመር ዝም ተብሎ የተገኘ እንደ ሆነ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላለ ሰው አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ። ከድምፁ ጋር የኢንተርኔት መቀበያው ድራይቨር ጭምር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱን የሚያወርዱበት በር ራሱ ዝግ ነው። መፍትሔው ስልክን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት መጠቀም፣ ወይም በሌላ ኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ነው። ለዚህ ሁሉ ሥራ መመሪያ በስልክ ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ቃላቱ የተለዩና የታወቁ ሲሆኑ ብቻ ነው።

3. «ፎርማት» እና «ዊንዶው መጫን»

በጥገና ቤት ቋንቋ ሁለት አነጋገሮች እንደ አንድ ይቈጠራሉ፤ «ዊንዶው መጫን» እና «ፎርማት ማድረግ»። በነገሩ ግን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሥርዓተ ክወናን ማስገባት ነው፤ ሁለተኛው በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ባዶ ቦታ ማዘጋጀት ነው። ሥርዓተ ክወናን የሰውን ፋይሎች ሳይነኩ እንደገና መጫን ይቻላል፤ ዊንዶውስ 10 ራሱ ይህን ምርጫ ያቀርባል። «ፎርማት ይደረግልኝ» ያለ ደንበኛ ግን የዓመታት የተማሪ ውጤት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሟች አባቱን ፎቶግራፍ እንዲደመሰስ በገዛ አፉ አዝዟል። ጠጋኙም የታዘዘውን ፈጽሟልና የሚወቀስበት ነገር የለም።

ለዚህ ልዩነት ከአገራችን የሚገኝ ቃል አለ። ብራና የሚያዘጋጁና የሚጽፉ ሰዎች «ፋቀ» የሚለውን ግሥ ያውቁታል፤ ቆዳውን ለጽሕፈት ሲያዘጋጁ ይፍቁታል፤ የተሳሳተውንም ጽሕፈት ፍቀው በላዩ ይጽፋሉ። የተፋቀ ጽሑፍ እንደማይመለስ የቤተ ክህነት ተማሪ ሁሉ ይረዳል። ስለዚህ ፎርማት ማድረግን «ዲስክ መፋቅ» ብንለው፣ «ፍቆ መጫን» እና «ሳይፍቁ መጫን» የሚሉ ሁለት የተለዩ ትእዛዞች እናገኛለን። ጠጋኙ «ይፋቅ ወይስ ሳይፋቅ?» ብሎ ሲጠይቅ ደንበኛው የሚጠፋበትን ነገር አስቀድሞ ያስባል።

«ሥርዓተ ክወና» የሚለው ስያሜ በበኩሉ ተስማሚ ነው እንላለን። በስልኮችና በኮምፒዩተሮች ላይ እየተለመደ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋርም አይምታታም። ጉድለቱ አጻጻፉ ነው፤ አንዱ «ሥርዓት»፣ ሌላው «ስርዓት» ብሎ ይጽፋል። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

4. «ጫን» እና «አራግፍ»

ሂስ ነቀፋ ብቻ አይደለምና የተሳካውንም መናገር ይገባል። ፕሮግራም ማስገባትን «ጫን»፣ ማስወጣትን «አራግፍ» ያሉት ሰዎች የተመሰገነ ሥራ ሠርተዋል። ከስማዳ ወገዳ ገበያ ወይም ከታች ጋይንት አርብ ገበያ በአጋሰስ እህል ያመላለሰ ሰው እነዚህን ሁለት ግሦች ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ጭነት የሚራገፈው በሙሉ መሆኑን፣ እንደገና የሚጫነውም ሸክሙ ከተስተካከለ በኋላ መሆኑን ይረዳል። የተበላሸ ድራይቨር የሚታከመውም በዚሁ አኳኋን ነው፤ አሮጌው ይራገፋል፣ አዲሱ ይጫናል። ሁለቱ ቃላት ጥንድ ሆነው መሰየማቸው ደግሞ ተጨማሪ ብልኀት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። «ድራይቨሩን ጫን» እና «ቁልፉን ተጫን» በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ። በስልክ መስመር ላይ፣ ድምፅ በሚቆራረጥበት ሰዓት፣ ይህች አንዲት ፊደል ትዋጣለች። መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ለቁልፍ «ንካ» ወይም «ምታ» ቢሉ «ጫን» ለመጫን ብቻ ይቀራል።

5. «ነጂ» ነውን?

ድራይቨርን በቀጥታ «ነጂ» ወይም «አሽከርካሪ» ብሎ የመመለስ ዝንባሌ አለ። ይህ ቃሉን መተርጎም እንጂ ነገሩን መሰየም አይደለም። በአማርኛ ነጂ ማለት እንስሳን ወይም ተሽከርካሪን ወደሚፈልገው አቅጣጫ የሚወስድ ነው፤ አህያ ነጂ በትር ይዞ ከኋላ ይከተላል። ድራይቨር ግን ምንም ነገር አይነዳም። ሥራው ሁለት የማይግባቡ ወገኖችን፣ ሥርዓተ ክወናንና መሣሪያን፣ ማግባባት ነው። «የድምፁ ነጂ ጠፍቷል» የተባለች መምህርት የጠፋው ምን እንደ ሆነ አይታያትም። «የድምፁ አግባቢ ጠፍቷል» ብትባል ግን ቢያንስ በሁለት ነገሮች መካከል የነበረ አንድ ነገር እንደ ጐደለ ትረዳለች።

«አስተርጓሚ» የሚለውም ቃል ሊታሰብ ይችላል፤ ሐሳቡም ቅርብ ነው። ነገር ግን በፕሮግራም ጽሕፈት ሙያ የፕሮግራምን መስመር እያነበበ በቅጽበት የሚያስፈጽም ሌላ ፕሮግራም ስላለ፣ «አስተርጓሚ» ለእርሱ መቈየት ይኖርበታል። አንድን ቃል ለሁለት የቅርብ ዘመዳሞች መስጠት ወደ ጀመርንበት ችግር ይመልሰናል።

ይህን ስንል ግን «ድራይቨር» የሚለው ቃል ከአማርኛ ይውጣ ማለታችን አይደለም። ተጠቃሚው ወደ አምራቹ ገጽ ሲሄድ የሚያገኘው ይህንኑ ቃል ነው፤ በጥገና ቤትም የሚሰማው ይህንኑ ነው። ቃሉን ብንነፍገው ከተሰቀለበት ላይ ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ «ድራይቨር» ዋና ቃል ሆኖ ይግባ፤ «አግባቢ» ደግሞ እንደ ፍችና እንደ አቻ አብሮት ይቅረብ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚጸና ተናጋሪው ሕዝብ ይወስናል።

6. አንድ «ድምፅ» ለብዙ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ቃል ደርሰናል። በአማርኛ በተዘጋጁ የስልክና የኮምፒዩተር ገጾች ላይ «ድምፅ» የሚለው ቃል የሚሰማውን ነገር፣ የሚሰማውን ነገር መጠን፣ የሰውን ልሳን፣ የተቀዳውንም ፋይል ሊያመለክት ይችላል። በዕለት ንግግር ይህ ችግር የለውም፤ ዐውዱ ይለየዋልና። በምርመራ ጊዜ ግን ዐውድ የለም፤ በመስተዋቱ ላይ የሚታየው አንድ ቃል ብቻ ነው። «የድምፅ መጠን» የሚለው ሙሉ ስያሜ የታወቀና ግልጽ ሆኖ ሳለ ቦታ ለመቈጠብ «ድምፅ» ተብሎ ሲቈረጥ፣ የተቈጠበው ቦታ በመምህርቷ ጊዜ ይከፈላል።

ከዚህ የባሰው «ድምፅ ማጉያ» ነው። ይህ ስም በሕዝቡ አፍ ድምፅ የሚቀበለውን ማይክ፣ ድምፁን የሚያበረታውን መሣሪያና ድምፁን የሚያወጣውን ሞንታርቦ ሦስቱንም ይጠራል። በአደባባይ ስብሰባ ሦስቱ አብረው ስለሚቆሙ ማንም አይሳሳትም። በላፕቶፕ ውስጥ ግን ድምፅ የሚገባበትና ድምፅ የሚወጣበት ተለይተው የሚመረመሩ ሁለት ክፍሎች ናቸው። የሚገባበት «ማይክ» ወይም «ድምፅ መቀበያ»፣ የሚወጣበት «ስፒከር» ወይም «ድምፅ ማሰሚያ» ቢባል ግራ መጋባቱ ይወገዳል። «ማጉያ» የሚለውም እውነተኛ ሥራው ወደ ሆነው፣ ድምፅን ወደሚያበረታው መሣሪያ፣ ይመለሳል።

ድምፅን ለጊዜው ዝም ማሰኘትን «ድምጸ ከል ማድረግ» የሚለው ስያሜ በጎግል የአማርኛ ገጾች ላይ ይገኛል። ቃሉን ያወጡት ሰዎች «ከለከለ» ከሚለው ወይም ከግዕዙ «ከልአ» የወሰዱት ሳይሆን አይቀርም፤ ሐሳቡም «ድምፅ የሚከለክል» ማለት ነው። የሰዋስው ሥራው ሊከበር ይገባል። ነገር ግን በአማርኛ «ከል» ራሱን የቻለ ቃል ነው፤ ሐዘንተኛ የሚለብሰው ጥቁር ልብስ ነው። ስያሜው የተሠራበትን ግንድ ያልተማረ አንባቢ ድምፅና ከል ምን እንዳገናኛቸው ቢደነቅ አይፈረድበትም። ሌላው አማራጭ «ድምፅ አጥፋ» ነው፤ ይህም አይበጅም፤ «አጥፋ» ፋይልን መደምሰስም መብራትን ማጥፋትም ስለሚሆን የተቀዳው ድምፅ ሊደመሰስ ነው የሚል ሥጋት ያመጣል። ከሁሉ የሚሻለው ሕዝቡ ለሰውም ለመሣሪያም የሚናገረው «ዝም አሰኝ» ነው። ዝም የተባለ ነገር ሊናገር የሚችል መሆኑንም ቃሉ ይዟል፤ ከጠፋ ድምፅ የሚለየውም ይህ ነው።

በዚሁ ዝርዝር ውስጥ «አሰናክል» የሚለው ቃል መታየት አለበት። አንድን መሣሪያ ለጊዜው ከሥራ ማውጣትን ለማመልከት ይሠራበታል። በአማርኛ ግን ማሰናከል እግር ማደናቀፍ፣ ሰውን ከመንገዱ ማሳት ነው። «የድምፅ መሣሪያው ተሰናክሏል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን አንድ ሰው ከሥራ አውጥቶት ነው፤ በአንድ ምርጫ ይመለሳል። የተበላሸን ከቦዘነ መለየት የጥገና መጀመሪያ ነው። ስለዚህ «አቦዝን» የሚለው ይመረጥ፤ «ቦዝኗል» የተባለ መሣሪያ ሥራ ቢሰጠው እንደሚሠራ ስሙ ይናገራል።

ስለ ፊደልም ጥቂት እንበል። ቃሉ በግዕዙ አጻጻፍ «ድምፅ» ነው፤ በብዙ ገጾች ግን «ድምጽ» ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ ልዩነቱ ቀላል ነው፤ በፊደል እየመሳሰለ ለሚፈልግ ኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ውስጥ ሲገባ «ጸ» እና «ፀ» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቍጥር ተሰጥቷቸዋልና። ሞክሼ ፊደላትን አስተባብሮ እንዲፈልግ ያልተዘጋጀ ገጽ፣ በአንዱ ፊደል የጠየቀውን ሰው በሌላው የተጻፈውን መመሪያ አያሳየውም። በሥርዓትና በስርዓትም መካከል ያለው ችግር ይኸው ነው። ስለዚህ በቃል ስብስብ ሥራ አንድ አጻጻፍ መወሰን ከጌጥ የሚቈጠር አይደለም።

7. የጋይንት አብነት

አማርኛ ድምፅን የሚለይ ቃል የለውም የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሱ ከዚያው ከመምህርቷ አገር ይገኛል። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። የዜማ ተማሪዎች ከየአገሩ ወደዚያ የሚሄዱት ድምፅን በትክክል ለመለየትና ለማስመስከር ነው። ድጓው የሚነበብባቸው ምልክቶች ስማቸው ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሒደትና ቁርጥ ነው፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ።

ስለ ቃል አሰያየም ከእነዚህ ስሞች የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ አብዛኞቹ ማንም የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው፤ መያዝ፣ ደረት፣ መድፋት፣ መጫር፣ መቍረጥ ከቤትና ከአካል የተወሰዱ ናቸው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቃል በዜማ ቤት አንድ ሥራ ብቻ ተሰጥቶታል። መሪጌታው «ቁርጥ» ሲል ተማሪው «የቱ ቁርጥ?» ብሎ አይጠይቅም። የኮምፒዩተሩ አማርኛ የጐደለው ሀብት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቃል ሥራውን ለይቶ መስጠት ነው። እዚህ ላይ የዜማ ምልክቶቹ ለኮምፒዩተር ይዋሱ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅ፤ የተቀደሰ ሥራ ያላቸውን ቃላት ማደባለቅ ሌላ መምታታት ያመጣል። የሚወሰደው ዘዴው ነው።

8. ማጠቃለያ

እስከ አሁን የቀረበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ፎርማት ማድረግ «ዲስክ መፋቅ» ይባል፤ «ጫን» እና «አራግፍ» ባሉበት ይጽኑ፤ «ድራይቨር» ከ«አግባቢ» ጋር ይቅረብ፤ «የድምፅ መጠን» አይቈረጥ፤ የሚወጣበት «ማሰሚያ»፣ የሚገባበት «መቀበያ» ይባል፤ «ድምጸ ከል» በ«ዝም አሰኝ»፣ «አሰናክል» በ«አቦዝን» ይተካ፤ ድምፅ በ«ፀ»፣ ሥርዓት በ«ሠ» ይጻፍ።

እነዚህን ቃላት በጀመርንበት መመዘኛ እንፈትናቸው። ወንድምየው ከመካነ ኢየሱስ እንዲህ ብሎ ይንገራቸው፦

«እትዬ፣ መጀመሪያ ድምፁ ዝም ተሰኝቶ እንደ ሆነ እዪ፤ ቀጥሎ የድምፅ መጠኑን ከፍ አድርጊው። ድምፁ በላፕቶፑ ማሰሚያ እንዲወጣ ምረጪ። አሁንም ዝም ካለ ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ግቢና ቦዝኖ እንደ ሆነ ተመልከቺ። ቢጫ ምልክት ካለበት ግን ስልክሽን በገመድ አገናኚ፤ የድምፁን ድራይቨር፣ አግባቢውን ማለቴ ነው፣ በሞዴሉ ስም ፈልገሽ አውርጂና አሮጌውን አራግፈሽ አዲሱን ጫኚ።»

መምህርቷ በዚህ ንግግር ውስጥ «የቱ?» ብለው የሚጠይቁበት ቦታ ቢኖር እዚያ ላይ ያለው ቃል ገና አልበሰለም ማለት ነው፤ እንደገና ሊታይ ይገባዋል። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ፣ በሌላውም ያገራችን ክፍል ላፕቶፕ የሚጠግኑ አንባብያን ደንበኞቻቸው ለነዚህ ነገሮች የሚሏቸውን ቃላት ከነአገባባቸው መዝግበው ቢልኩልን፣ በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ከነቦታቸው ስም እናወጣቸዋለን።